እኔ «አንተ» እለዋለሁ፣ አባቴ ግን «አንቱ» ይለኛል

የመጀመሪያዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ለረጅም ጊዜ አንባቢ ብቻ ሆኜ ቆይቻለሁ፤ ዛሬ የምጠይቀው ስላለኝ ጻፍኩ።

አባቴ አናጺ ነው። ትምህርቱ ከአራተኛ ክፍል አልዘለለም። ከቤታችን ዩኒቨርሲቲ የገባሁ የመጀመሪያዋ እኔ ነኝ፤ ባለፈው ዓመት ሦስተኛ ዲግሪዬን ጨረስኩ። በልጅነቴ ከትምህርት ቤት ስመለስ ቦርሳዬን እንኳ ሳላወርድ የሳንቃውን ሌላኛውን ጫፍ የምይዝለት እኔ ነበርኩ። «አንቺ! ቀጥ አድርገሽ ያዢ፣ ዓይንሽ የት ነው?» ይለኛል፤ ከጆሮው በላይ የሰካትን እርሳስ አውጥቶ ያሰምራል፣ ከዚያ መጋዙን ያነሳል። ቁጣውም ምርቃቱም ከመጋዙ ብናኝ ጋር አብሮ ይወርድብኝ ነበር። እኔም «አንተ» እያልኩት ነው ያደግሁት፤ የቤታችን ልማድ እንዲያ ነው።

የተመረቅሁ ሰሞን ሥራ ቦታው ስሄድ ከተቀመጠበት ተነሥቶ «ይግቡ ዶክተር፣ ይቀመጡ» አለኝ። የቀለደ መስሎኝ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። ይኸው ዓመት ሊሞላው ነው፣ «አንቱ» እንዳለኝ አለ። ከሥራ ቦታው ሲደውልልኝም፣ ከኋላው መጋዙ እየጮኸ፣ «እንደምን ዋሉ?» ይለኛል። እኔ «አንተ» ስል እሱ «አንቱ» ሲል የሚሰማን ሰው ማን የማን ልጅ እንደሆነ የሚለይ አይመስለኝም።

ይህ ብቻ ቢሆን እንደ ጨዋታ አልፈው ነበር። ባለፈው ወር ለቤቴ የመጽሐፍ መደርደሪያ እንዲሠራልኝ ልኩን ጽፌ ሰጠሁት። ልኩ ስሕተት ነበር። ድሮ ቢሆን ወረቀቱን መልሶ ይወረውርልኛል፤ «ይህ በየት በኩል ነው የሚገባው?» ብሎ ይጮህብኛል። አሁን ግን ምንም ሳይናገር በጻፍኩት ልክ ሠርቶ አመጣው። በበሩ አልገባ ብሎ እስከ ዛሬ ኮሪደር ላይ ቆሟል። ባለፍኩ ቁጥር ትከሻዬን ይነካኛል።

ትምህርት ምን እንደሰጠኝ አውቃለሁ። ሥራ፣ ስም፣ በራስ መተማመን ሰጥቶኛል። የወሰደብኝን ነገር ግን ምን ብዬ እንደምጠራው አላውቅም። በትምህርት ምክንያት ለገዛ ሰዎቹ እንግዳ የሆነ ሰው ካለ እንዴት እንደኖረው ቢነግረኝ ደስ ይለኛል።


ጠመኔ፦

እንኳን ደስ አለሽ ልጄ። (አንቺ ልበልሽ፤ አንቱታው የበቃሽ መሰለኝ።)

26 ዓመት አስተምሬአለሁ። አባትሽ ያደረጉትን እኛ መምህራን በየቀኑ እናደርገዋለን፤ ልዩነቱ እኛ ብዙ ጊዜ ወደ ታች መሆናችን ነው። ሥራ የጀመርኩ ሰሞን የፈተና ወረቀት ስመልስ ከከፍተኛው ውጤት ጀምሬ ወደ ዝቅተኛው እጠራ ነበር። ብልሃት መስሎኝ ነው፣ ልጆቹን ያነቃቃቸዋል ብዬ። ከመጨረሻው መደዳ አንድ ልጅ ነበር። በሁለተኛው ፈተና ላይ፣ በእጄ ሁለት ሦስት ወረቀት ሲቀር ስሙን ሳልጠራ ተነሥቶ መምጣት ጀመረ። በአራተኛው ፈተና ግን ደህና ውጤት አመጣ፤ ስሙን መሀል ላይ ጠራሁት። አልተነሣም። ሌላ ሰው የጠራሁ መስሎት ዞር ብሎ ወደ ኋላው አየ። ከኋላው ያለው ግድግዳ ነው።

ከዚያን ቀን በኋላ ወረቀት በፊደል ተራ ነው የምመልሰው።

ሮበርት ሮዘንታልና ሌኖር ጃኮብሰን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1968 ያሳተሙት ሥራ አለ። ካሊፎርኒያ ውስጥ በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ከተማሪዎቹ 20 በመቶ ያህሉን በዘፈቀደ መርጠው ለመምህራኑ «እነዚህ ዘንድሮ ይፈካሉ» አሏቸው። ልጆቹ ከሌሎቹ የሚለዩበት አንድም ነገር አልነበረም። በዓመቱ መጨረሻ በተለይ አንደኛና ሁለተኛ ክፍል የነበሩት በአእምሮ ብቃት ፈተና ከጓደኞቻቸው የበለጠ ጭማሪ አሳዩ። ልጅ ማንነቱን የሚያነበው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም፤ ከመምህሩ ፊትም ነው።

በዚያው ዓመት ኤፕሪል 5 ቀን፣ ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደሉ ማግስት፣ አዮዋ ውስጥ ጄን ኤልዮት የተባለች የሦስተኛ ክፍል መምህርት ተማሪዎቿን በዓይናቸው ቀለም ከፍላ አንዱን ወገን የበላይ፣ ሌላውን የበታች ብላ አዋለቻቸው። ቀኑ ሳይመሽ የበላይ የተባሉት ትዕቢተኞች፣ የበታች የተባሉት አንገት ደፊዎች ሆኑ። ሙከራው ልጆችን ስለሚጎዳ እኔ አልደግመውም። ግን ሳንደግመው የምንውልበት ቀን ስንት ነው?

(ዓመቶቹን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የጻፍኩት፤ ሌሎቻችሁም እንዲሁ ብታደርጉ አንምታታም።)


ጥርጣሬ፦

መምህር፣ ይቅርታዎን እየጠየቅሁ፣ ያ የ1968 ጥናት ከሚገባው በላይ ዝና ያገኘ ነው። ሲወጣ ጀምሮ በልኬት ባለሙያዎች ተብጠልጥሏል። ስቲቨን ራውደንቡሽ በ1984 እንዲህ ያሉ 18 ሙከራዎችን አንድ ላይ ሲመረምር፣ መምህሩ ተማሪዎቹን አስቀድሞ ከሁለት ሳምንት በላይ ካወቃቸው የውሸቱ ወሬ ውጤቱ ከሞላ ጎደል እንደሚጠፋ አገኘ። ይህ ለእርስዎ ሙያ መልካም ዜና ይመስለኛል፤ ልጁን በቅርብ የሚያውቅ መምህር በወሬ አይነዳም ማለት ነው።

ትምህርት ለጤናና ለዕድሜ ያለውም ጥቅም እንዲሁ ረጋ ብሎ መታየት አለበት። በ2024 የታተመ፣ ከ59 አገሮች የተገኙ ጥናቶችን ያጠቃለለ ትንተና፣ አንድ ተጨማሪ የትምህርት ዓመት በአማካይ 2 በመቶ ገደማ ዝቅ ካለ የሞት አደጋ ጋር እንደሚያያዝ አሳይቷል። ቀላል ቁጥር አይደለም። በሌላ በኩል ብሪታኒያ በ1947 ከትምህርት ቤት መውጫውን ዕድሜ ከ14 ወደ 15 ከፍ ስታደርግ እጅግ ብዙ ልጆች በአንድ ጊዜ አንድ ዓመት ተጨመረላቸው። ክላርክና ሮየር የተባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች በ2013 እንዳሳዩት ያ ዓመት ዕድሜ ሲያረዝም እምብዛም አልታየም። ለምን? አንዱ አሳማኝ መልስ ሁሉም እኩል ሲማር ማንም ከማንም አይበልጥም የሚለው ነው። ትምህርት የሚያኖረው በእውቀቱ ነው ወይስ ከጎረቤት ከፍ ስለሚያደርግ?

ጠያቂዋ፣ አባትሽ ከመቀመጫቸው የተነሡት ለዲግሪሽ ወረቀት ነው። በሎተሪ ሀብታም ብትሆኚም ይነሡልሽ ነበር። ስለዚህ ጥፋቱን በትምህርት ላይ አትጣዪ።


ያልጨረሰው፦

የኤሌክትሪክ ሥራ ነው የምሠራው። ትምህርት ያቋረጥኩት አሥረኛ ክፍል ላይ ነው። ምክንያቱ ረጅም ስለሆነ ይለፈኝ።

ጥርጣሬ፣ ሎተሪ ያልከው ልክ አይደለም። ሎተሪ የደረሰው ሰው ቢያናድደኝ «ዕድለኛ ብቻ ነህ» ብዬ በልቤ እመልስለታለሁ። ለተማረ ሰው ይህ መልስ የለኝም፤ እሱ ያገኘው በሥራው ነው፣ እኔ ያጣሁት በስንፍናዬ ነው ተብሎ አልቋል። «የተማረ ይግደለኝ» ሲባል ሁሉም ይስቃል። እኔ ስሰማው የሚታየኝ ገዳዩ ሳይሆን የሚሞተው ነው። እሱ ማን ነው? እኔ ነኝ።

በየቢሮው በሚሞላ ቅጽ ላይ «የትምህርት ደረጃ» የምትል መስመር አለች። በሌላው መስመር ላይ እጄ ይፈጥናል። እዚያች ላይ ስደርስ ብዕሩ ቀለም እንዳለው እሞክረዋለሁ። አንድ ቀን አጠገቤ ስትሞላ የነበረች ሴት እንዳታይ ወረቀቱን በክንዴ ጋረድኩ፤ በኋላ ሳስተውል እሷም በክንዷ ጋርዳለች።

ሰው ቤት ገብቼ ማብሪያ ማጥፊያ ስቀይር ባለቤቶቹ እኔ እንደሌለሁ ሆነው ያወራሉ። ስለ መጻሕፍት ሲያወሩ አንዳንዴ ያነበብኩት ይሆናል። አንድም ቀን አፌን ከፍቼ አላውቅም። ባወራ የሚደነቁት በሐሳቤ አይደለም፣ በማንበቤ ነው።

እህቴ የመጀመሪያዋ፣ አንድ ጥያቄ አለኝ። አባትሽ «አንቱ» የሚሉሽ ሰው ባለበት ነው ወይስ ብቻችሁን ስትሆኑም?


ምን አለበት፦

ይህ የጥጋብ ጭንቀት ነው። ዩኔስኮ በ2024 ባወጣው ቁጥር 251 ሚሊዮን ልጅና ወጣት ትምህርት ቤት የለም። አንዷ ደግሞ ሦስተኛ ዲግሪ ይዛ «አባቴ አከበረኝ» ብላ ታለቅሳለች። መደርደሪያውን ሸጠሽ ገንዘቡን ስጪያቸው።


አወያይ፦

ምን አለበት፣ ሐሳብዎ ይቆያል፤ የመጨረሻዋ ዐረፍተ ነገር ግን ሰው ላይ ያነጣጠረች ናት። እባክዎ ጉዳዩ ላይ እንቆይ።


የመጀመሪያዋ፦

አወያይ፣ ይቆይላቸው፤ እኔም ለራሴ ያልኩት ነገር ነው። የተራበ እያለ የጠገበ ሆዱን ቢያመው አያምር ይሆናል፤ ሕመሙ ግን አይቀርም።

ያልጨረሰው፣ ጥያቄህ ከትናንት ጀምሮ አልለቀቀኝም። ብቻችንን የሆንበትን ቀን ፈልጌ አጣሁ። ዓመቱን ሙሉ ያገኘሁት ወይ ደንበኛና ሠራተኛ በሞላበት የሥራ ቦታው ነው፣ ወይ ዘመድ በተሰበሰበበት ነው። ሥራ ይበዛብኛል፤ ቸኩዬ እሄዳለሁ፣ ቸኩዬ እመለሳለሁ። አባቴን ለብቻው ካየሁት ዓመት ሊሆነኝ እንደሆነ ያወቅሁት አንተ ስትጠይቀኝ ነው።


የሌሊት ተረኛ፦

ነርስ ነኝ፤ ዛሬ ታማሚው ጸጥ ስላለ ልጻፍ።

ጥርጣሬ ስለ ዕድሜ ያነሡት ነገር ከአልጋው አጠገብ ሌላ መልክ አለው። ሐኪሙ ለአንዲት እናት ለሩብ ሰዓት ያህል አስረዳ። በየዐረፍተ ነገሩ ራሳቸውን እየነቀነቁ «እሺ፣ ገባኝ» አሉ። ሐኪሙ እንደወጣ እጄን ይዘው «ምን አለኝ?» አሉኝ። ለምን እሱን አልጠየቁትም ብላቸው «የተማረ ሰው ፊት እንዴት ብዬ» አሉ። የመድኃኒቱን አወሳሰድ ሁለት ጊዜ ነገርኳቸው። እኔ ባልኖር ያ ዝምታ ቤታቸው ድረስ አብሯቸው ይሄድ ነበር፤ ኪኒኑ በቀን አንድ ይሁን ሦስት ሳይለይ።

ግን እኔም ከእሳቸው የምሻል እንዳይመስላችሁ። የሐኪሞች ስብሰባ ላይ የማውቀውን ነገር ሳልናገር እወጣለሁ። ፖሊን ክላንስና ሱዛን አይምስ በ1978 ከ150 የሚበልጡ በትምህርትና በሙያ የተሳካላቸው ሴቶችን መርምረው «በስሕተት ነው እዚህ የደረስኩት፣ አንድ ቀን ይደረስብኛል» የሚል ስሜት ደጋግመው አገኙባቸው። የምስክር ወረቀት ያንን ስሜት አልፈወሰውም፤ እንዲያውም ወረቀቱ በበዛ ቁጥር የሚደረስበት ነገር የበዛ ይመስላቸዋል።

ለጠያቂዋ ግን የሚጠቅም የመሰለኝ ይህ ነው። ግሬግ ዋልተንና ጄፍሪ ኮኸን በ2011 ባሳተሙት ጥናት ለአንደኛ ዓመት የኮሌጅ ተማሪዎች አንድ ሰዓት ገደማ የወሰደ ነገር አደረጉ። መልእክቱ፦ «መጀመሪያ ላይ ባይተዋር መሆን የሁሉም ነው፣ ያልፋል» የሚል ብቻ ነበር። ተማሪዎቹ ከመቶ አይሞሉም። ለሦስት ዓመት ሲከታተሏቸው ግን በጥቁርና በነጭ ተማሪዎች መካከል የነበረው የውጤት ልዩነት በግማሽ ጠበበ፤ ጥቁሮቹ ተማሪዎች ጤንነታቸውም የተሻለ እንደሆነ፣ ወደ ሐኪም የሄዱትም ያነሰ ጊዜ እንደሆነ ተናገሩ። በ2023 በ22 ኮሌጆች ከ26,000 በላይ ተማሪዎች ላይ ሲደገም ግን ጥቅሙ አነስተኛ ሆነ፤ የሠራውም ኮሌጁ በእውነት ቦታ በሰጣቸው ዘንድ ነው። በር ዘግቶ «ግቡ» ማለት ዋጋ የለውም።

ሰው መሆኑን እንዲያምን የሚቀበለው ሰው ያስፈልገዋል። ለዩኒቨርሲቲው እንዲህ ከሆነ፣ ወደ ቤት ሲመለሱም ያው አይመስላችሁም? ደወል ተደወለ፤ መሄዴ ነው።


የሁለት ልጆች እናት፦

የእኔ ደግሞ ገና የሚማር ልጅ ነገር ነው። ታላቁ ልጄ ከክፍሉ አንደኛ ይወጣ ነበር። በፈተና ተመርጦ ጎበዞች ብቻ ወደሚማሩበት ትምህርት ቤት ተዛወረ። ደስታችን ወሰን አልነበረውም። ከመንፈቅ በኋላ ሒሳብ ደብተሩን ዘግቶ «እኔ ሒሳብ አልችልም» አለኝ። ያመጣው 81 ነው። የድሮው 81 አንደኛ ያስወጣው ነበር፤ የአሁኑ 23ኛ አስወጣው። ልጁ ያው፣ ቁጥሩ ያው፣ ሰውየው ሌላ ሆነ።

ኸርበርት ማርሽ የተባለ ተመራማሪ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ያጠናው ይህንኑ ነው፤ ትንሽ ኩሬ ውስጥ ያለው ትልቅ ዓሣ ትልቅ ኩሬ ሲገባ ራሱን ትንሽ አድርጎ ያያል። በ2003 ማርሽና ሃው 26 አገሮችን አወዳድረው ነገሩ የአንድ አገር ጠባይ እንዳልሆነ አሳይተዋል። ይህን ካነበብኩ በኋላ ልመልሰው ወይስ ልተወው ብዬ ሁለት ወር አልተኛሁም። ተውኩት። ያደረግሁት ነገር ቢኖር «ስንተኛ ወጣህ?» ማለት ማቆሜ ነው። ምን ለወጠ ብትሉኝ፣ ሳልጠይቀው ራሱ ይነግረኛል። ቤት ሲገባ መጀመሪያ የምትሰሙት ቁጥሩን ነው።

ታናሽየው ስዕል ይወዳል። በእሱ ገና ማንም አልደረሰበትም፣ እኔም ጭምር።


ነጠላ ሰረዝ፦

ጠያቂዋ ስም አጣሁለት ያሉትን ነገር ፒየር ቡርዲዩ የተባለ የማኅበረሰብ ተመራማሪ ስም ሰጥቶታል። በ1930 በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ ገጠር የተወለደ፣ የፖስታ ሠራተኛ ልጅ ነበር፤ በ1981 በኮሌዥ ደ ፍራንስ ፕሮፌሰር ሆነ። ለአንድ ምሁር ከዚያ በላይ ወንበር የለም። ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ ሳያውቀው በሰውነቱ የሚሰርጸውን አነጋገር፣ አረማመድ፣ ቀልድና ምርጫ «ሃቢተስ» ይለዋል። የራሱን ደግሞ «የተሰነጠቀ» ይለዋል፤ ግማሹ የመንደሩ፣ ግማሹ የወንበሩ። ስንጥቁ በእሱ ዘንድ ጉዳት ብቻ አልነበረም። ሌሎች ያላዩትን ያየው በዚያች ክፍተት ነው።

ትምህርት ቤት አውቆ ሲሰነጥቅም ታይቷል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በብዙ የዌልስ ትምህርት ቤቶች በገዛ ቋንቋው ሲናገር የተያዘ ልጅ አንገቱ ላይ ቁራጭ እንጨት ይንጠለጠልበት ነበር። ሌላ ልጅ ሲናገር ከሰማ ለእሱ ያስተላልፋል፤ ትምህርት ሲያልቅ እንጨቱ የተገኘበት ይቀጣል። ክፋቱ ከቅጣቱ ይልቅ ልጆቹን የእርስ በርስ ጆሮ ጠቢ ማድረጉ ነው። ፔንሲልቬንያ ውስጥ በ1879 የተከፈተው የካርላይል ትምህርት ቤት ደግሞ የቀደምት አሜሪካውያንን ልጆች ፀጉር ቆርጦ፣ ስም ቀይሮ፣ «በፊት» እና «በኋላ» እያለ ፎቶግራፍ ያነሳቸው ነበር።

እርስዎን ማንም እንጨት አላንጠለጠለብዎትም። ግን በር ላይ ጥለው የሚገቡት ቃል የለም?


የመጀመሪያዋ፦

አለ። አባቴ የሚለካው በጣት ነው፤ «ሁለት ጣት ጨምሪ»፣ «አንድ ጣት ያህል አጥሯል» ይላል። እኔም እንዲያ ነበር የማወራው። አንድ ስብሰባ ላይ ስለ አንድ ሰንጠረዥ «ዳሩን ሁለት ጣት ያህል ሳቡት» ስል ሁለት ሰዎች ተያይተው ፈገግ አሉ። ክፋት አልነበረበትም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን በሴንቲሜትር ነው የማወራው፤ ለአባቴ የጻፍኩለት የመደርደሪያው ልክም በሴንቲሜትር ነበር። በጣት ብለካው ኖሮ ስሕተቱን የማየው ይመስለኛል። እጄ በሩን ያውቀዋል።


ጥርጣሬ፦

ያልጨረሰው ላነሣው መልስ አለብኝ። አን ኬስና አንገስ ዲተን በ2015 ባሳተሙት ሥራ በአሜሪካ መካከለኛ ዕድሜ ላይ ያሉ ነጮች ሞት ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ እንደጨመረ አሳዩ፤ የባሰው ትምህርታቸው ከሁለተኛ ደረጃ ባላለፈው ላይ ነው። መጠጥ፣ አደንዛዥ መድኃኒት፣ ራስን ማጥፋት። በኋላ በሠሩት ሥራ መስመሩን ዲግሪ ላይ አሰመሩት፤ ከመስመሩ ወዲያና ወዲህ ያሉት ሰዎች የሥራቸው፣ የትዳራቸው፣ የሕመማቸው ሁኔታ ሁሉ እየተራራቀ ሄዷል። ገንዘብ ብቻውን አያስረዳውም። ሎተሪ ያልኩትን አንሥቻለሁ።

ማይክል ያንግ የተባለ ብሪታኒያዊ የማኅበረሰብ ተመራማሪ በ1958 «ሜሪቶክራሲ» የሚለውን ቃል በሰፊው ሲያስተዋውቅ ለማሾፍ ነበር፤ ሁሉም በችሎታው ብቻ የሚመዘንበት ዓለም ለወደቀው ምን ያህል ጨካኝ እንደሚሆን ለማሳየት። ሰዎች ቃሉን እንደ ሙገሳ ወሰዱት። በ2001 ሽማግሌ ሆኖ በጋዜጣ ቅሬታውን እስኪጽፍ ድረስ።


ያልጨረሰው፦

ስላነሣኸው አመሰግናለሁ። እኔ ግን አልሞትኩም፤ ሥራዬንም እወዳለሁ። ቤቱ ጨለማ ሆኖ ገብቼ በርቶ ነው የምወጣው። ስንቱ ባለ ዲግሪ ይህን ይላል?

እህቴ፣ ብቻቸውን አግኝተሽ ጠየቅሻቸው?


የመጀመሪያዋ፦

እሑድ ሄድኩ። ሠራተኞቹ አልነበሩም፣ ደንበኛም የለም። የአንድ ወንበር እግር እያለሰለሰ ነበር። «እንደምን ዋልሽ» አለኝ። አንቺ። ሰላም ያለኝ ቀና ሳይል ነው፤ ምንም እንዳልሆነ። እኔ በር ላይ ቆሜ ቀረሁ።

ኮቴን አውልቄ የሳንቃውን ጫፍ ያዝኩለት። ከስንት ዓመት በኋላ ስለሆነ ክንዴ ተንቀጠቀጠ፤ መጋዙ መሀል ሲደርስ ጫፉ ዝቅ አለብኝ። «አንቺ! ዓይንሽ የት ነው?» ብሎ ጮኸ። ያኔ ነው የጠየቅሁት፤ ሰው ሲኖር ለምንድን ነው አንቱ የምትለኝ አልኩት።

መጋዙን አስቀመጠ። «እዚህ የሚመጣው ሁሉ አንቺን ያየሽ ሳንቃ ስትይዢ ነው» አለ። «አንቺ ልጅ ይሉሽ ነበር፣ ውሃ አምጪ ይሉሽ ነበር። ዶክተር ሆነሽ ብትመጪም አንቺ ልጅ ሊሉሽ ነው። እኔ አንቱ ካልኩሽ ማን ይደፍራል? ከእኔ አፍ ነው የሚሰሙት።» ስልኩስ አልኩት። «ስልኩን የማወራው እዚሁ አይደለም እንዴ፣ ሰው ቆሞ ይሰማል» አለኝ።

ለካስ እኔ መራቅ ያልኩትን እሱ ሲያጥርልኝ ነበር። ሆኖም ሁሉም ነገር አልተፈታም። ከእኔ ጋር ስላልተማከረ ተቆጥቻለሁ፤ ነገ ሰው ፊት ስደርስ አንቱ መባሌ አይቀርም፣ አሁንም ይከብደኛል። የመደርደሪያውን ልክ ለምን ዝም አልክ ብዬ ስጠይቀው ደግሞ መልስ አልሰጠኝም። እርሳሱን ከጆሮው በላይ አውጥቶ ጫፉን አየ፣ መልሶ ሰካው። ልኩን የሰጠሁት በወረቀት ነበር፤ ሰው የሚሰማው ነገር አልነበረም። ስለዚህ ጥርጣሬ ስለ ወረቀቱ ያሉት ትንሽ እውነት ሳይኖረው አይቀርም።


ጠመኔ፦

ልጄ፣ ያን ልጅ አስታወስሽኝ። ወደ ግድግዳው ዞሮ የነበረውን። ስሙን መሀል ላይ ጠርቼ ዝም ከማለት «አንተን ነው» ብዬ አጠገቡ ድረስ መሄድ ነበረብኝ። አልሄድኩም፤ ወረቀቱን ከፊቱ ባለው ልጅ በኩል አቀበልኩት።


ያልጨረሰው፦

የሳንቃው ነገርስ? ተቆረጠ ወይስ ተበላሸ?


የመጀመሪያዋ፦

በሁለት ጣት አጠረ።